ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ቅናት፣ ስለ ቅያሜና ስለ ቂም

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለፈው በስልክ የነገርሽኝ ጉዳይ ከሐሳቤ ስላልወጣ፣ ረጋ ብዬ በጽሑፍ ልመልስልሽ ወደድሁ። አብሮ አደግ ጓደኛሽ ነጻ የትምህርት ዕድል ማግኘቷን የሰማሽው ቪዛ ከተመታላት በኋላ፣ ያውም ከሌላ ሰው አፍ መሆኑን ነግረሽኝ፣ «አባዬ፣ ቅናት ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ብቻ ስሟ ሲነሣ ይከፋኛል» አልሽኝ። ራስሽን ቀናተኛ ብለሽ ከመኰነንሽ በፊት የያዘሽን ነገር በትክክለኛ ስሙ እንድትጠሪው እፈልጋለሁ፤ መድኃኒቱ እንደ ስሙ ይለያያልና።

ቅናት ሌላው ያገኘውን ለራስም መመኘት ነው። የሰውን ትጋት አይቶ እንደ እርሱ ለመሆን መነሣሣት ሲሆን «መንፈሳዊ ቅናት» ተብሎ ይመሰገናል። ምቀኝነት ግን ሌላው ካላጣ አይጠግብም። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 18ን አንብቢው። ዳዊት ጎልያድን ገድሎ ሲመለስ ሴቶቹ ከበሮ ይዘው ወጡና ለሳኦል ሺህ፣ ለዳዊት እልፍ እየቈጠሩ ዘፈኑ። እልፍ ዐሥር ሺህ ነው። ዙፋኑም ሠራዊቱም በሳኦል እጅ ነበር፤ ዳዊትም ከእርሱ የወሰደበት አንዳች ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን የንጉሡ ጆሮ የያዘው በሺህና በእልፍ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ስለ ነበር፣ በማግሥቱ በገና በሚደረድርለት ወጣት ላይ ጦር ወረወረ። በዚያው ምዕራፍ ልጁ ዮናታን አለ። ዙፋኑን ሊወርስ የሚጠብቀው እርሱ ነበርና ዳዊትን ለመመቅኘት ከአባቱ የበለጠ ምክንያት ነበረው፤ ሆኖም ካባውን አውልቆ ሰጠው፣ ሰይፉን፣ ቀስቱንና መታጠቂያውንም ጨመረለት። ይህን ምዕራፍ ባነበብሁ ቁጥር የዮናታን ነገር ይገርመኛል።

የነገርሽኝን ደጋግሜ ባስበው ምቀኝነት አላየሁበትም። ጉዞዋ እንዲሰናከል አልተመኘሽም፤ ያመመሽ ከአንቺ መደበቋ ነው። ይህ ቅያሜ ይባላል። ሰው የሚቀየመው የሚወደውንና ብዙ የሚጠብቅበትን ሰው ነው እንጂ መንገደኛን ማን ይቀየማል? ቅያሜ በጊዜው ከተነገረ አንድ ሲኒ ቡና ተጠጥቶ ሳያልቅ ይሽራል። ሳይነገር ሲከርም ግን ወደ ቂም ይለወጣል፤ ቂም ደግሞ ይቋጠራል እንጂ አይነገርም፣ ፊት እየሳቀ ሆድ ይቈጥራል። አባቶች «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት ስለዚህ ነው። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ፣ መባሽን ይዘሽ ከመሠዊያው ፊት ቆመሽ እንኳ ወንድምሽ የተቀየመብሽ ነገር ትዝ ቢልሽ፣ መባሽን እዚያው ትተሽ መጀመሪያ ሄደሽ ታረቂ ይላል። እኔ የምፈራልሽ ይህን ቂም ነው፤ ቅናቱስ በሥራ ይወጣል።

ጓደኛሽንም በልኳ እንድትፈርጂባት እለምንሻለሁ። በአገራችን ቪዛ የጠየቀው፣ ቤት ለመግዛት የተዋዋለው፣ ያረገዘችውም ሳትቀር ነገሩ እስኪያልቅ ድምፁን ያጠፋል፤ «የሰው ዓይን» ይፈራል፣ የታክሲ ጥቅስ እንኳ ስለ ምቀኛ ያወራል። እናቷ «ሳያልቅ ለማንም እንዳትተነፍሺ» ብለዋት ይሆናል። ይህን ልማድ አልወደውም፤ አንድን ምቀኛ ለመሸሽ ሲባል ወዳጅ ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል፣ ደስታም ለብቻ ይበላል። ቢሆንም ልማዱን የፈጠረችው እርሷ አይደለችም።

ስለዚህ ሳትሄድ ቤቷ ድረስ ሂጂ። አስቀድመሽ «እንኳን ደስ አለሽ» በያት፤ ከዚያም ሳትነግርሽ በመቅረቷ እንደ ተቀየምሽ ራስሽ፣ ያለ መልእክተኛ ንገሪያት። ይቅርታ ከጠየቀችሽም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለሽ ሳሚያት። እናትሽ ለመንገዷ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀችላት ስለሆነ፣ ስንት ኪሎ ሊፈቀድላት እንደሚችል ጠይቀሻት እስከ ዐርብ ደውይልን፤ ቅዳሜ በሚወጣው መኪና እንልከዋለን።

የሚወድሽ አባትሽ