ሞዞውን ሙሉውን ለምን ጣልኩት

ሚኒሶታ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ
አዳማ (አንተ ናዝሬት በል)

አባዬ እንደምን ሰነበትክ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነላት? እኔና ምራትህ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው እሁድ ኔትወርኩ የተቋረጠው ልክ መቆጣት ስትጀምር ነው። «ለአንድ ኩሽኔታ ብለህ ጎማ የሚታሰርበትን ሙሉ ሞዞ ጣልክ?» አልክና ጠፋህ። መልሼ ብደውል እምቢ አለ። አንተ 1990 ላይ የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ በኤንትሬ የጭነት መኪና የተመላለስክ ሰው ነህ። በረሃ መሃል ሞዞ አውርደህ፣ ኩሽኔታ አጥበህ፣ ግራሶ ሞልተህ ጉዞህን ትቀጥል ነበር። ልጅህ ደህና ብረት ሲጥል ብትቆጣ አይፈረድብህም። ግን ጉዳዩን ስማኝና ከዚያ ፍረድ።

ነገሩ የጀመረው በረዶው ሳይቀልጥ ነው። ሱባሩዋ ከፊት በኩል «እምምም» ማለት ጀመረች። ፍጥነት ስጨምር ድምፁም ይጨምራል። ጎማ ነው ብዬ የፊቱን ወደ ኋላ አዛወርኩ። ያው ነው። ከዚያ አንተ የምትለው ትዝ አለኝ፣ የታመመ እግር የሚጮኸው ሲጫኑት ነው። መሪውን ወደ ግራ ሳዞር ይብሳል፣ ወደ ቀኝ ሳዞር ጸጥ ይላል። ወደ ግራ ስትታጠፍ ክብደቱ የሚያርፈው ቀኝ ጎማ ላይ ነው። ስለዚህ ቀኙ ነው። በክሪክ አነሳሁና አንድ እጄን ሞላው ላይ አድርጌ ጎማውን አሽከረከርኩት። አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ።

ጋራዥ ብጠይቅ 460 ዶላር አሉኝ። ዕቃው ብቻውን 115 ነው። ልዩነቱ የፋሲካ በግ ነው አልኩና ራሴ ልሠራው ወሰንኩ።

አሁን ወደ ክርክራችን። ያንተ ቶዮታ ዲኤክስ ሞዞ ውስጥ ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታ አለ፣ ትልቁ ከውስጥ፣ ትንሹ ከውጭ። ትፈታቸዋለህ፣ ታጥባቸዋለህ፣ መዳፍህ ላይ ግራሶ አድርገህ እየጫንክ ትሞላቸዋለህ። ዳዶውን ሞዞው እየተሽከረከረ ታጠብቅና መልሰህ ትንሽ ታላላዋለህ። የኔዋ እንዲህ አይደለችም። ኩሽኔታው ሞዞው ውስጥ ተገጥሞ፣ ግራሶው ገብቶ፣ ከፋብሪካ ታሽጎ ነው የሚመጣው። በር የለውም። ላላ ብለህ የምታጠብቀው፣ ደረቀ ብለህ የምትሞላው ነገር የለም። አንዱ ጎኑ ላይ ደግሞ ማግኔት ያለው ቀለበት አለ። የጎማውን ፍጥነት ለፍሬኑ ኮምፒውተር የሚነግረው እሱ ነው። እሱን በመዶሻ ከነካኸው ጉድህ ፈላ። ስለዚህ የሚለወጠው ሙሉው ነው። ስስት አጥቼ አይደለም፣ አባዬ።

ሥራው ራሱ በወረቀት ላይ የሁለት ሰዓት ነው። እኔ ቅዳሜዬን በሙሉ ጨረስኩበት። መጀመሪያ መኪናዋን አንስቼ የመሃሉን ትልቁን ዳዶ ልፈታ ብል ጎማው አብሮኝ ይዞራል። ይኼን እንኳ ረሳሁት! መልሼ አወረድኳት። ዳዶው ደግሞ እንዳይላላ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ተቀጥቅጧል፣ በመሮ ማቃናት ነበረብኝ። ከዚያ መፍቻው ላይ ቱቦ ጨምሬ ቆምኩበት። ያንተ ዘዴ። ተንጣጥቶ ተፈታ። የፍሬን ሸራ የሚይዘውን ካሊፐር በሽቦ ሞላው ላይ አሰርኩት እንጂ በፍሬን ቱቦው አላንጠለጠልኩትም። በዚህ ጉዳይ ልጅ ሆኜ የቀመስኩት ኩርኩም እስካሁን ያመኛል።

መከራዬ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። እዚህ አገር ጨው የሚነሰነሰው ወጥ ላይ ብቻ አይደለም። በረዶ እንዲቀልጥ መንገዱ ላይ በጭነት መኪና ይበትኑታል። ጨዉ ሥሯ ይገባና ብረቱን ይበላዋል። የአዳማ አቧራ ምን ያደርጋል? ይጠረጋል። በ40 ዓመቷ የዲኤክስህ ሆድ ዕቃ ከኔዋ ይሻላል ብልህ እመነኝ። ሞዞውን ከኋላ የያዙት አራት ቡሎኖች ናቸው። እነሱ ወጡ። ሞዞው ግን ወይ ፍንክች! ከሁለት ቀን በፊት ጀምሬ የዝገት ማላቀቂያ ስረጭበት ነበር። በመዶሻ ከግራ መታሁት፣ ከቀኝ መታሁት። እጄ ዛለ። ምራትህ በመስኮት አየችኝና ቡና ልታፈላ ሄደች።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አለን። ውሻውን ይዞ ሲያልፍ ቆሞ አየኝ። «ቡሎኖቹን መልሰህ ጥቂት ዙር አስገባቸው። ከዚያ ራሳቸውን ከኋላ በየተራ ምታ» አለኝ። አንዴ ይኼኛውን፣ አንዴ ያኛውን። አሥረኛው ይሁን አሥራ አምስተኛው ላይ «ጧ!» ብሎ ተነቀለ። ሰውዬው ቃል አልተነፈሰም፣ ራሱን ነቅንቆ ውሻውን ይዞ ሄደ። እውነቴን ነው የምልህ፣ አንተን መሰለኝ።

የሚቀመጥበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት። ስስ ቅባት ቀባሁት፣ ነገ የሚፈታው ሰው እንዳይረግመኝ። አዲሱ ገባ። ማጥበቂያውን ብታይ ትስቃለህ። ጉልበት የሚለካ መፍቻ አለ። ዕቃ መሸጫው ራሱ በመያዣ ያውስሃል፣ ስትመልስ ገንዘብህን ይሰጥሃል። ምራትህ ፍሬን ረገጠችልኝ፣ እኔ ዳዶውን እስከ 220 ኒውተን ሜትር አጠበቅኩት። ይህ ሳይጠብቅ መኪናዋን መሬት ላይ ማሳረፍ አዲሱን ኩሽኔታ ይጎዳዋል። አንተ ይኼን ሁሉ በክንድህ ትለካ ነበር፣ አውቃለሁ።

አሁን ጸጥ ብላለች።

ግን ይኼን ሁሉ የጻፍኩልህ ለኔዋ ብዬ ብቻ አይደለም። ማሙሽ ወደ ሶደሬ ስትሄዱ የቀረጸውን ቪዲዮ አይቻለሁ። ያ «እምምም» እዚያም አለ። ብጠይቀው «የአዳማ ነፋስ ነው» አለኝ። የአዳማ ነፋስ መኪና ሲቆም አይቆምም! የዲኤክሷ የፊት ኩሽኔታ ነው። ቁጥሩን ከአሮጌው ላይ አንብቦ እንዲልክልኝ ያደረግኩት ለዚህ ነው። ኩሽኔታ በቁጥሩ ነው የሚገዛው፣ ሻጩ ዲኤክስ የምትባል መኪና አይቶም አያውቅም።

ለፋሲካ የሚመጣው ልጅ ይዞልህ ይመጣል። ቤተሰቦቹ ፍራንኮ ጋ ናቸው፣ ማሙሽ ሄዶ ይቀበለው። ካልሲ ውስጥ ጠቅልያቸዋለሁ፣ የሁለቱም ጎን አሉ። ማሙሽ «የውጭ ቀለበቱ አሮጌው ይሁን፣ ማውጣቱ ያደክማል» ይልሃል። እሺ እንዳትለው። ኩሽኔታውና ቀለበቱ አብረው ነው የሚለወጡት። ግራሶውን ግን አንተ ራስህ ሙላው፣ የእሱ እጅ ይቸኩላል።

አሮጌዎቹን እንዳትጥሏቸው። የእህቴ ልጅ ስንት ዓመቱ ሆነ፣ ስምንት? አጥባችሁ ስጡት። እኔና ማሙሽ በሰፈሩ ቁልቁለት የተንሸራተትንባትን ጋሪ እንዴት እንደሠራናት ማሙሽ ያሳየው። ለእማዬ አትንገሯት።

ልጅህ