አባታችንን ፍለጋ ለወጣችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልን

ደቡብ ምዕራብ ሚኔሶታ ያላችሁ ወገኖች፣ የደወላችሁልንም የጸለያችሁልንም፣ አባባ ደህና ናቸው። ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ እህልም እየቀመሱ ነው።

የመርሳት ችግር እንዳለባቸው የቅርብ ሰዎች ታውቃላችሁ። በዚያ ብርድ ማታ ሳናያቸው በሩን ከፍተው ወጡ። 911 ስደውል ስልኩን ያነሳችው ልጅ አስተርጓሚ አስገባችልኝና "የተኙበትን ትራስ ማንም እንዳይነካው፣ ውሻው ያሸተዋል" አለችኝ። ድምጿ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ተባረኪ።

ከከተማ ወጣ ሲባል ፖሊስ ማለት ሸሪፍ ነው። እስር ቤቱን የሚያስተዳድረው እሱ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት የሚያደርሰው እሱ፣ ሰው ሲጠፋ ፍለጋውን የሚመራውም እሱ። ሸሪፋችን ቢሮው ሆኖ ማዘዝ ይችል ነበር፣ ግን በቆሎ የታጨደበትን ማሳ በእግሩ ሲያስስ አመሸ። እራታቸውን ጥለው የመጡት በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሰዎች፣ በትራክተር በረዶ የጠረጉልን ገበሬዎች፣ የብዙዎቻችሁን ስም እንኳ አላውቅም።

ያገኛቸው አንድ ወጣት ምክትል ሸሪፍ ነው። እህል ማከማቻ ጥግ ተቀምጠው ነበር። የራሱን ጓንት አውልቆ አጠለቀላቸው። አባባ "እደግ፣ ተመንደግ" ሲሉት አንድም ቃል ሳይገባው፣ ምርቃቱን እስኪጨርሱ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ።

"ደሞዝ ይበሉበታል፣ ሥራቸው ነው" ያላችሁኝ አላችሁ። ሥራቸውማ ነው፣ እንዲህ ሲሠሩት ግን ማመስገን ይገባል። ደግሞ የከተማ ፖሊስ አዛዥ ይሾማል እንጂ አይመረጥም፣ ሸሪፍን ግን በ87ቱም የሚኔሶታ ካውንቲዎች (እንደኛ አገር አውራጃ ማለት ነው) ሕዝቡ በየአራት ዓመቱ ይመርጠዋል። ከስሙ ጎን የፓርቲ ስም አይጻፍም፣ ስለዚህ ሰው የሚመዝነው ሰውየውን ነው። ለዚህ ነው በምርጫ ሰሞን በየቤቱ በር የሚያንኳኩት፣ በበጋ ሰልፍ ላይ ለልጆች ከረሜላ የሚበትኑት። ያለፈው ምርጫ በ2022 ነበር፣ ቀጣዩ ኖቬምበር 2026 ነው። ዜግነት ያላችሁ፣ የምርጫ ወረቀቱን ከስቴቱ ገዥ በታች ያለውንም እስከ መጨረሻው አንብቡት። ማንን ምረጡ አልልም፣ በዚያ ሌሊት ማን ደጃችን እንደነበረ ግን ነገርኳችሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ቡና አለ። ሸሪፉንም ባልደረቦቹንም ጠርተናል፣ እህቴ ድፎ ዳቦ ትደፋለች። ሁላችሁም ኑልን። ታጣፊ ወንበር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የኛ አይበቃም።