ሦስተኛው ድምፅ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? ባለፈው በስልክ "ቀኑን ሙሉ ከዚያች ሚጢጢ ነገር ጋር ምን ትሠራለህ?" ስትለኝ ቸኩዬ ስለነበር በደንብ አልመለስኩልህም።

ጋራዥ ውስጥ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርገህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ስታዳምጥ ትዝ ይለኛል። "ይሄ ኩሽኔታ ሊሄድ ነው" ትላለህ። ሲፈታ እውነትም እሱ ነው። እኔም የምሠራው ይህንኑ ነው። የውሃ ፓምፕ ላይ የምትለጠፍ፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አለችኝ። በየሰከንዱ ነቅታ ንዝረቱን ትለካና በሦስት ቁጥር ትገልጸዋለች። ከዚያ የሚመሳሰለውን አንድ ላይ ትመድባለች። ክላስተሪንግ የምንለው ይህ ነው። ይሄ ጤነኛ፣ ያ በሽተኛ ብሎ የነገራት የለም።

ችግሩ ሜሞሪዋ 2 ኪሎባይት ብቻ መሆኑ ነው። ይህ ደብዳቤ እንኳ አይገባባትም፤ አንዱ ፊደላችን ብቻውን 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የሰማችውን ሁሉ አታስቀምጥም። የየቡድኑን መሃል ብቻ ትይዛለች። አዲስ ልኬት ሲመጣ የትኛው መሃል እንደሚቀርበው ታያለች፣ መሃሉን ወደ እሱ ትንሽ ሳብ ታደርጋለች፣ ልኬቱን ትረሳዋለች። ሦስት ቡድን፣ በየቡድኑ ስንት ልኬት እንደገባ ከሚይዘው ቆጣሪ ጋር፣ 24 ባይት። በቃ! ጄምስ ማክዊን ይህን ዘዴ ኬ-ሚንስ ያለው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። አንተስ የሰማኸውን ሞተር ሁሉ መች ታስታውሳለህ? የጤነኛው ድምፅ ግን ጆሮህ ውስጥ አለ።

ሁሉንም ልኬት ወደ ሰርቨር (ራቅ ብሎ መረጃ ወደሚቀበለው ኮምፒውተር) እንዳትልክ፣ ሬዲዮው ባትሪዋን ይጨርሰዋል። መላክ ከማስላት በጣም ይበላል። ቡድን ሲቀየር ብቻ ትናገራለች።

አንዴ ጉድ ሠራችኝ። ፓምፑ ሳይቆም ሲሠራ ውሎ አደረ፤ ጠዋት ሳያት ምደባው ተዘበራርቋል። ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦ ስፈትሽ ዋልኩ። ለካ ጥፋቱ የኔ ነው። ቆጣሪው 65,535 ከደረሰ በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በየሰከንዱ ሲቆጠር 18 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። መሃሉ ምን ያህል እንደሚሳብ የሚሰላው ለቆጣሪው በማካፈል ነው፤ በዜሮ ሲካፈል የማይረባ ቁጥር ወጣ፣ መሃሉም ዘሎ ሄደ። አሁን ቆጣሪውን 64 ላይ አቁሜዋለሁ። እንዲያውም ተሻለ። ቆጣሪው ዝም ብሎ ሲያድግ መሃሉ ይደርቃል፤ ሞተሩ ቀስ በቀስ ሲለወጥ አይከተለውም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። አንደኛው ቡድን ፓምፑ ሲቆም ነው፣ ሁለተኛው ሲሠራ። ሦስተኛውን ግን አላወቅሁትም። ሦስት ፈልጊ ስላልኳት ሦስት አገኘች፤ እውነተኛ ይሁን አይሁን እሷ አታውቅም። ሌሊት ሌሊት ይመጣል፣ ደቂቃ ሳይሞላው ይጠፋል። ትናንት አምሽቼ ድምፁን በስልኬ ቀዳሁት። ሰኞ ይዤልህ እመጣለሁ። ዓይንህን ጨፍነህ ስማልኝ።

ልጅህ