የቆላው ችግኝ ተከላ የሂብን አይርሳ

ሰላም አዘጋጆች፣ ስለ ሶማሌ ክልል ድርቅ የምታወጡትን ሁሌ እከታተላለሁ፣ በርቱ፣ ግን አንድ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ዋርዴርን፣ ቦህን፣ ገላዲን ባነሳችሁ ቁጥር ምንም የማይበቅልበት ባዶ አሸዋ አድርጋችሁ ነው የምትጽፉት። እዛ መሬት ላይ እኮ ከኦጋዴንና ከመካከለኛው ሶማሊያ ውጪ የትም ዓለም ላይ በተፈጥሮ የማይገኝ ተክል አለ፣ የሂብ ይባላል፣ እየጠፋም ነው፣ ስለሱ ግን አንድ መስመር እንኳን አላነበብኩም።

የሂብ ቅጠሉ በበጋም የማይረግፍ ቁጥቋጦ ነው፣ ቁመቱ ብዙ ጊዜ 2 ሜትር ተኩል ቢደርስ ነው፣ ቀይ አሸዋማ አፈር ላይ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ በሚዘንብበት ቦታ ይኖራል፣ ይሄን የሚችለው ዋና ሥሩን ወደታች በጣም አርቆ ስለሚሰድ ነው። ፍሬው ጥሬውን፣ ተቆልቶም ተቀቅሎም ይበላል፣ ስታርች፣ ስኳር፣ ፕሮቲንና ቅባት አለው፣ ዝናብ ጠፍቶ ከብቱ ሲያልቅ ብዙ ሰው በሱ ነው ነፍሱን ያቆየው። ጂላል በሚሉት በጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ግመሉና ፍየሉ የሚበላው የሱን ቅጠል ነው፣ ቅጠሉ ውስጥ ባለው ቀይ ቀለም የተነሳ አዘውትረው የበሉት ፍየሎች አጥንታቸው ሳይቀር ይቀላል። ሳይንቲስቶች ኮርዶክሲያ ኤዱሊስ ይሉታል፣ በወገኑ ውስጥ ያለው ዝርያ እሱ ብቻ ስለሆነ እሱ ጠፋ ማለት ወገኑ በሙሉ ጠፋ ማለት ነው፣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ለመጥፋት ተጋላጭ ብሎ መዝግቦታል።

ለምን ይጠፋል ከተባለ ጥፋቱን አርብቶ አደሩ ላይ መለጠፍ ልክ አይደለም። ድሮ ውሃ ስለሌለ ሰውና ከብት በዝናብ ወራት መጥቶ ይሄድ ነበር፣ ቁጥቋጦውም ያገግማል። ቢርካው፣ ማለትም የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው፣ እና ጉድጓዱ ሲበዛ ግን ሰው እዛው መክረም ጀመረ፣ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ይበላል፣ እንጨቱን ምስጥ ስለማይደፍረው ለቤትና ለማገዶ ይቆረጣል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ዘሩ ነው፣ የተራበ ሰው ያገኘውን ፍሬ ሁሉ ይለቅማል ማን ይፈርድበታል፣ ነቀዝ እንዳይበላው ደሞ ቆልቶ ወይ ቀቅሎ ነው የሚያስቀምጠው፣ እንደዛ የሆነ ዘር ደግሞ አይበቅልም፣ ያልተቆላውም ቢሆን ከጥቂት ወራት በላይ ተቀምጦ አይበቅልም። ስለዚህ አሮጌዎቹ ቁጥቋጦዎች ቆመው እናያለን፣ ከሥራቸው ግን ተተኪ ቡቃያ የለም።

አሁን በየዓመቱ ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ አረንጓዴ አሻራ ብዙ ትጽፋላችሁ ደስ ይላል፣ ለቆላው ግን ከደጋ የመጣ ሐሳብ አይሠራም። የሂብን ፕላስቲክ ውስጥ አፍልቶ በመኪና ወስዶ መትከል ከባድ ነው፣ ሥሩ ገና በልጅነቱ በጣም ስለሚረዝም ሲነቀል ይጎዳል፣ ትኩስ ዘር እዛው ቦታው ላይ ቢዘራ ይሻላል። አጠገቡ ያለውንም ለተወሰኑ ዓመታት ከፍየል መከለል ያስፈልጋል፣ እድገቱ ዝግ ያለ ነው፣ ተመችቶት እንኳን ፍሬ ለመስጠት 3 ወይ 4 ዓመት ይፈልጋል። የትኛው ቦታ ይከለል የሚለውን ደግሞ የጎሳ ሽማግሌዎቹ ካልወሰኑ ማንም አጥር አያከብርም፣ ለዘር ተብሎ ፍሬ ሲተው ቤተሰቡ የሚበላውን የሚተካ እህል ካልተሰጠም ማንም አይተውም፣ መተውም የለበትም።

የምጠይቃችሁ ሪፖርተር ልካችሁ የየሂብ ቁጥቋጦ ዛሬ የት የት እንደቀረ፣ የት የት ድሮ ነበር አሁን የለም የሚባለውን ግመል ጠባቂዎቹን ራሳቸውን ጠይቃችሁ እንድትጽፉ ነው። እነሱ ቦታውን በስም ያውቁታል። የግብርና ቢሮውንም ለዘንድሮ የቆላ ተከላ ከያዘው ዝርዝር ውስጥ የሂብ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁልን፣ ከሌለም ምክንያቱን አትሙልን።

አክባሪያችሁ፣ የዘወትር አንባቢ