ስላይዱ ከክፍል በኋላ ይላክ

ሰላም ውድ የመምህራን ቡድናችን አባላት፣

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳር ውርጭ ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል መግባት ለተማሪ ከባድ ነው። ስላይዱ ማታውኑ በቴሌግራም ከደረሰው ደግሞ ለምን ከብርድ ልብሱ ይውጣ?

የኪውአር ኮድ አቴንዳንሱም ብዙ አልረዳንም። አንዱ ፎቶ አንስቶ ለጓደኛው ይልክለታል፤ ዶርም የተኛውም እንደተገኘ ይቆጠራል።

እኔ ዘንድሮ ስላይዱን ከክፍል በኋላ መላክ ጀምሬያለሁ። ስሌቱን ሰሌዳ ላይ እሠራለሁ፤ ስላይዱ ላይ ቦታው ባዶ ነው። መጨረሻ ላይ በብጣሽ ወረቀት አንድ ጥያቄ ይመልሳሉ፣ ስማቸውን ጽፈው። የኋላ ወንበሮች መሙላት ጀምረዋል፤ በጣም ደስ ብሎኛል። የታመመ ልጅ ግን እንዳይጎዳ ሙሉውን እንላክለት።

ዓርብ 10 ሰዓት ሻይ ላይ እንነጋገርበት። እናንተም የሞከራችሁትን ይዛችሁ ኑ።