ፌንጣና የመሬት ትል በሆዳቸው በኩል አይከፈቱም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሳይንስ ዓምዳችሁ ለተማሪዎች ያወጣችሁት የቤተ ሙከራ መመሪያ ሳይውል ሳያድር እንዲታረም እጠይቃለሁ። መመሪያው እንቁራሪትን፣ የመሬት ትልንና ፌንጣን አንድ ላይ አድርጎ ሦስቱንም «በጀርባቸው አስተኝቶ ሆዳቸውን መክፈት» ይላል። ለእንቁራሪት ልክ ነው። በሁለቱ ላይ ግን ተማሪው ሊያየው የተቀመጠውን ነርቭ ገና ሳያየው በመቀስ ይበጥሰዋል።

ነገሩ የአካል አደራደር ጉዳይ ነው። ከዓሣ እስከ ሰው ባሉት ደንደሴ (የጀርባ አጥንት ያላቸው) እንስሳት ዋናው የነርቭ ገመድ፣ ህብለ ሰረሰር፣ በጀርባ በኩል ይሄዳል፤ ልብ ያለው በሆድ ወገን ነው። በመሬት ትልና በፌንጣ ይህ ይገለበጣል፤ ደም ገፊው ቧንቧ ከጀርባ ሥር፣ የነርቩ ገመድ በሆድ በኩል ነው። ፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ዤፍሯ ሴንት-ኢሌር እ.ኤ.አ. በ1822 ሎብስተር የተባለው ባለ ጠንካራ ቅርፊት የባሕር እንስሳ በጀርባው ሲተኛ የውስጥ ክፍሎቹ አደራደር የደንደሴ እንስሳትን እንደሚመስል ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ በዝንብና በእንቁራሪት ጽንስ ላይ በተደረገ ምርምር፣ ጀርባን ከሆድ የሚለዩት ጂኖች በሁለቱም ዘንድ ተዛማጅ እንደሆኑ፣ የሚሠሩበት ወገን ግን እንደተገለበጠ ታየ።

ስለዚህ የመሬት ትል የሚከፈተው በጀርባው ነው። ጀርባው ጠቆር ያለው ነው፤ ሆዱ ነጣ ያለና በጣት ሲዳሰስ የሚሻክር ነው። ሆዱን ወደ ታች አድርጎ ሁለቱን ጫፎች በስፒል መያዝ ያስፈልጋል። በጀርባው መሀል የሚታየው ጥቁር መስመር ዋናው የደም ቧንቧ ስለሆነ፣ ቆረጣው ከእሱ ትንሽ ፈንጠር ብሎ መቀነት ከሚመስለው ወፍራም ክፍል ተነሥቶ ወደ አፍ ይሂድ። የመቀሱ ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ላይ ቀና ይበል። ጠልቆ ከገባ አንጀቱ ይቀደድና በውስጡ ያለው አፈር ፈስሶ ሁሉንም ያደፈርሰዋል። ቆዳው በየቀለበቱ ባሉ ስስ ግድግዳዎች ከውስጥ ስለተያዘ በኃይል አይጎተትም፤ ግድግዳዎቹን በመርፌ ጫፍ እያላቀቁ ግራና ቀኝ መወጠር ነው። ከዚያ ሳህኑ ላይ ውሃ ሲጨመር ክፍሎቹ ተንሳፍፈው ይለያያሉ። ከ7ኛው እስከ 11ኛው ቀለበት ጉሮሮውን አቅፈው የተቀመጡት አምስት ጥንድ «ልቦች» ያኔ ይታያሉ። አንጀቱ ቀስ ተብሎ ሲነሣ ደግሞ ከሥሩ ነጩ የነርቭ ክር አለ። በመመሪያው መሠረት የሠራ ተማሪ ይህን ክር አያገኘውም።

ፌንጣ ክንፉና እግሩ ከተነሣ በኋላ በሁለቱም ጎኖች በኩል ተቆርጦ የጀርባው ሽፋን እንደ ክዳን ይነሣል። ክዳኑን በቀስታ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ረጅሙ ቱቦ መሰል ልብ ከውስጥ ገጹ ጋር ተጣብቆ ስለሚመጣ፣ ክዳኑን የጣለ ሰው ልቡንም ጥሏል። ውሃ ውስጥ ሆኖ በአጉሊ መነጽር ሲታይ በየሥጋው መሀል እንደ ብር ክር የሚያበሩ ቱቦዎች አሉ። የሚያብረቀርቁት በውስጣቸው አየር ስላለ ነው። አልኮል ውስጥ ብዙ የቆየ ፌንጣ ግን ቱቦዎቹ ፈሳሽ ስለሚገባባቸው ብሩ ይጠፋል፤ ለዚህ ትምህርት ትኩስ ናሙና የግድ ነው።

እነዚህ ቱቦዎች የመመሪያውን ሁለተኛ ስህተት ያሳያሉ። «ፌንጣ ደሙ በቧንቧ ስለማይዘዋወር ኋላቀር ነው» ተብሏል። ፌንጣ ኦክስጅን የሚያደርሰው በደሙ አይደለም። አየር በ10 ጥንድ የጎን ቀዳዳዎች፣ ሁለቱ በደረቱ ስምንቱ በሆዱ፣ ገብቶ በቱቦ እየተከፋፈለ እስከ ጡንቻው ህዋስ ይደርሳል። ደሙ የሚያመላልሰው ምግብና ቆሻሻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ቀጫጭን የደም ስሮች አያስፈልጉትም። የመሬት ትል በቆዳው ስለሚተነፍስ ኦክስጅኑን ከቆዳ ወደ ውስጥ የሚወስድለት ደም ያስፈልገዋል፤ ደሙም ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን አለው፣ በዝግ ቧንቧም ይሄዳል። ቀንድ አውጣና ኦክቶፐስ ዘመዳሞች ሆነው ሳለ የመጀመሪያው እንደ ፌንጣ ደሙ በቧንቧ ያልተዘጋ ክፍት ዝውውር አለው። ባለ ስምንት ክንዱ የባሕር አዳኝ ኦክቶፐስ ግን ዝግ ዝውውርና ሦስት ልብ አለው፤ ሁለቱ ደም በውሃ ውስጥ ወደሚተነፍስበት ስንጥብ፣ አንዱ ወደ ቀሪው አካል ይገፋሉ። የልብ ክፍሎችን ቆጥሮ ደረጃ መስጠትም እንዲሁ ያሳስታል፤ አዞ እንደ ወፍ ባለ አራት ክፍል ልብ አለው። ባለ ሁለት ክፍል ልብ ያለው ዓሣ ደግሞ በስንጥቡ ውስጥ ደሙና ውሃው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚፈሱ ከውሃው ኦክስጅኑን አብዛኛውን ይወስዳል።

መመሪያው ያላነሣው የባሕር ኮከብም አለ። እሱ የሚከፈተው አፍ ከሌለው ከላይኛው ገጽ ነው፤ የነርቩ ቀለበትና የእግር ቱቦዎቹ በአፉ በኩል ናቸውና። ባለ አምስት ክንድና ራስ አልባ ሆኖ ሳለ፣ በዝምድና ከመሬት ትል ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው እሱ ነው።

እርማቱ ሲወጣ ሥዕሉም አብሮ ይታረም፤ የፌንጣው ልብ የተሳለው በሆዱ በኩል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥነ ሕይወት መምህር