ለቋንቋ ፈጠራ ቡድናችን አባላት፦ ስለ ድምፅ ለውጡ

ሰላም ውድ አባላት፣

ቅዳሜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ተገናኝተን ለልብ ወለዳችን ሕዝብ ያዘጋጀነውን የቃላት ዝርዝር ደጋግሜ አየሁት። ቃላቱ ያምራሉ፤ ግን ሁሉም ትናንት የተወለዱ ይመስላሉ። ዕድሜ የሚሰጣቸው የድምፅ ለውጥ፣ ማለትም የቃላት ድምፅ በዘመናት መለወጡ ነው፤ ለውጡም እንደመጣልን ሳይሆን በሕግ ይሂድ።

የራሳችንን አፍ እንይ። የግዕዙ «ኩሉ» በአማርኛ «ሁሉ»፣ «ኮነ» ደግሞ «ሆነ» ነው። (ግዕዝ የአማርኛ ቀጥተኛ እናት ነው ባይባልም ንጽጽሩ ያስተምራል።) እኔ ይበልጥ የምወደው ከ«ከፈተ» የመጣውን «ከፋች»ን ነው። «ሰባሪ» መጨረሻ ላይ የምንሰማው «ኢ» እዚህ የለም፤ ከመጥፋቱ በፊት ግን «ት»ን «ች» አድርጎ ሄዷል። «ወሳጅ»ም እንዲሁ፣ ከ«ወሰደ»።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንወስን። «ማቲ» ያልነው ቃል መጀመሪያ «ማቺ» ሆኖ ኋላ አናባቢው ከወደቀ «ማች» ይሆናል። አናባቢው ቀድሞ ከወደቀ ግን «ማት» ሆኖ ይቀራል። አንዱን ለደጋው፣ ሌላውን ለቆላው ዘዬ ብንሰጥ በጣም ደስ ይለኛል፤ ከአንድ እናት ሁለት ዘመዳሞች ወለድን ማለት ነው።

ሐረር ያላችሁ፣ ሐረሪም የአማርኛ ዘመድ ነውና ጥቂት ቃላት ከተናጋሪዎቹ ሰምታችሁ ከአማርኛው ጋር አስተያይታችሁ አምጡልን። ሌሎቻችን እስከ ሐሙስ 20 ቃላት በሁለቱም መንገድ አሳልፈን እንላክ።